ቀይዋ መኪና የምትቆምበት ዳገት

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉ ገና አንዴ ሲዞር መኪናዋ ተነሳች። ካንዴላን ያበሸቃትም ይኸው ነበር።

«አልነሳ አለች» ተብሎ ነው የተጠራችው። ማክሰኞም እንዲሁ ተብላ መጥታ፣ ቁልፉን ከመንካቷ ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ማጓራት ጀመረ። እንዲያው ምንም ሳትሠራ ላለመመለስ የባትሪውን ጫፎች ፈትጋ አጥብቃ አሰረችና ሄደች። ረቡዕ እንደገና ተጠራች፤ መኪናዋ እንደገና በአንድ ዙር ተነሳች። ያን ቀን እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች በሙሉ ቀየረች፣ የቤንዚን ማጣሪያውን አወጣች፣ ታንከሩን እስከ አፉ ሞላች። «ከእንግዲህ አታስቸግራችሁም» ብላ በሙሉ አፏ ተናግራ ወጣች። አመሻሹ ላይ ስልኳ ጮኸ። «ዛሬም እምቢ አለች» አለ የባለመኪናው ወጣት ዶክተር ድምፅ፣ ጥፋተኛው ራሱ የሆነ ይመስል ዝቅ ብሎ።

ካንዴላ የወጣላት ስም ነው። በአባቷ ጋራዥ ውስጥ አብረዋት የሚሠሩት መካኒኮች ናቸው ያወጡላት፤ ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ቅርብ ስለሆነ። እሷም ለምዳዋለች። አሁን በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ቢመጣ ዞራ ላታይ ትችላለች።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ቀይ ስፖርት መኪና ናት። ከዶክተሩ በዕድሜ ትበልጣለች። የአባቱ ነበረች፤ አባትየው ባለፈው ዓመት ከሞቱ ወዲህ ግን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ከግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ነበር የቆየችው። ሌሎች መካኒኮች ኮፈኗን ከፍተው ያዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ይህችን መኪና ስትፈታና ስትገጥም ያደገችው ካንዴላ ብቻ ነበረች። እንዲያ ባይሆን ኖሮ የዶክተሩ እናት ወደዚያ ቤት ዳግመኛ ባላስጠሯትም ነበር።

እናትየው በረንዳው ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ዛሬም የሚያነጋግሩትን ሰው ሁሉ ቢሯቸው እንደተጠራ ተማሪ ነው የሚያዩት።

«ላንቺ ሲሆን ትነሳለች ማለት ነው» አሉ።

«ለኔ አይደለም እትዬ። ለማንም ቢሆን ትነሳለች። ይኸው እየሠራች ነው።»

እናትየው አዩዋት። መኪናዋን ሊገዙ የሚመጡት ሰውዬ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚደርሱ፣ ልጃቸው ሰኞ ወደ ተመደበበት ሩቅ ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ እሳቸውም በዚህ መሃል አንዲት መካኒክ በየቀኑ ግቢያቸው ስትመላለስ ማየት እንደማይፈልጉ በለሰለሰ ድምፅ አስረዷት። ስድብ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

ዶክተሩ ከመኪናዋ ማዶ ቆሟል። ነጭ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት። ካንዴላ በደንበኛ ፊት የምትለብሰውን ፊት ለብሳ ዞረችበት።

«ዶክተር፣ ትናንት እምቢ ስትልዎት የት ነበረች?»

«እዚሁ። ግቢ ውስጥ» አለ። ይህን ሲል ግን የሚያየው እሷን ሳይሆን የፊት ጎማውን ነበር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነው የምትለው። በጠራችው ቁጥር ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሽምቅቅ ሲል ታያለች፤ አይታም ደስ ይላታል፤ ደስ ባላት ማግስት ደግሞ ሆድ ይብሳታል።

ከአራት ዓመት በፊት እንዲህ አልነበረም። ያኔ አባትየው መኪናዋን ለማሠራት ወደ ጋራዡ ሲመጡ እሱም አብሮ ይመጣ ነበር። የጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ የሕክምና መጽሐፉን ይከፍታል፣ ገጹ ግን አይገለጥም። መካኒኮቹ ይስቁበታል። እሷ ከመኪናው ሥር ሆና ጫማውን እያየች ትሠራለች፤ ጫማው ወደ እሷ ዞሮ ከሆነ ቡሎኑን ሁለቴ ታጠብቃለች። ዓመት ሳይሞላ በፍቅሩ አበደች፣ እሱም በፍቅሯ። አባትየው ሲያውቁ ሳቁ። እናትየው ሲያውቁ ምሳ ጋበዟት።

ምሳው ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለቀው። እናትየው ዳቦውን ወደ እሷ እያስጠጉ፣ «ካንዴላ ጎበዝ ልጅ ናት። የተበላሸ ነገር ሲኖረን እንጠራታለን፣ ስትጨርስ ወደ ቤቷ ትሄዳለች» አሉ። ማንኪያዎች ሁሉ ቀጥ አሉ። እሷ አባትየውን አላየችም፣ እናትየውንም አላየችም። እሱን አየችው። እሱ ሳህኑን እያየ ነበር። ጠበቀችው። አንድ ቃል፣ «እማዬ» የምትል አንዲት ቃል እንኳ ብትወጣው ይበቃት ነበር። አልወጣውም። አመስግና ተነሳች፤ ከዚያ በኋላ በደወለ ቁጥር ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጠው ነበር። ወራት ሲያልፉ መደወሉን ተወ። ለአባትየው ቀብር ሄዳ ከሰው ጀርባ ሆና አለቀሰችና ሳትታይ ተመለሰች።

አሁን ደግሞ እሱን ወደ ሩቅ አገር የሚሸኘውን ጉዳይ እሷው በእጇ አሳምራ እንድትጨርስ ነው የተጠራችው። መኪናዋ ከተሸጠች ወደዚያ ግቢ የሚያስገባት ምክንያት አይኖርም። ካልተሠራች ደግሞ ካንዴላ አበላሽታ የማታውቀውን ስሟን ታበላሻለች። የመሣሪያ ሳጥኗን ዘግታ ስትወጣ ማንን መራገም እንዳለባት አልታወቃትም፤ መኪናዋን፣ እሱን ወይስ ራሷን።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋ ተነሳች።

ካንዴላ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ግንባሯን መሪው ላይ ደግፋ ጥቂት ቆየች። ጨርቋን ጥላ ልታብድ ምንም አልቀራትም። ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አስነስታ ተወችው፤ አጠፋችው፤ አስነሳችው። ሽቦ አንድ በአንድ እየነካካች ሳበች። ፊውዞቹን አውጥታ መለሰች። መኪናዋ በየጊዜው ያለ አንዳች ማቅማማት እየተነሳች አሾፈችባት። እናትየው ታማሚ እህታቸውን ለመጠየቅ ሲወጡ በአጠገቧ አለፉ፤ ምንም አላሉም፤ ሰዓታቸውን ብቻ አዩ።

አባቷ ጋ ደወለች። አባቷ ወገቡ ከታመመ ወዲህ መኪና ሥር አይገባም፤ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር ጋራዡ በር ላይ አስቀምጦ መንገዱን እያየ ይውላል፤ ለሁሉም ምክር ይሰጣል። የሠራችውን በሙሉ ነገረችው። እስክትጨርስ አዳመጣትና መኪናዋ እምቢ የምትለው ሞቃ ነው ወይስ ቀዝቅዛ ብሎ ጠየቃት።

«ግቢ ውስጥ ነው ይላል አባዬ። ቀዝቅዛ ነዋ።»

ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየላት ድምፅ ሰማች። «እስቲ ደግመሽ ጠይቂው» አላት። «የት ላይ ነው የምትቆመው በይው።»

ዘጋችበት። ዓይኗ በንዴት ሲንከራተት የቤንዚን መለኪያው ላይ አረፈ። ረቡዕ እስከ አፉ የሞላችው ታንከር ከግማሽ በታች ወርዷል። ግቢ ውስጥ የቆመች መኪና ይህን ሁሉ ቤንዚን የት አደረሰችው? ነገሩ ሁሉ ባንዴ የገባት መሰላት። እየነዳት ይውላል፤ ማታ አንድ ሽቦ ይነቅልና «አልነሳ አለች» ብሎ ይደውላል፤ ጠዋት ሳትመጣ መልሶ ይሰካል። እሷ ደግሞ በእናቱ ፊት እንደ ሞኝ ትመላለሳለች።

ዶክተሩ ውሃ በብርጭቆ ይዞላት ሲመጣ ከመኪናዋ ወርዳ ጠበቀችው።

«የትኛውን ሽቦ ነው የሚነቅሉት?» አለችው።

አልገባውም። አስገባችለት። ሕፃን እንኳ እንዲህ ያለ ጨዋታ እንደማይጫወት፣ እሷ ሥራ ፈት እንዳልሆነች፣ ከወደዱ በሌላ ሰው መጫወት እንደሚችሉ፣ ሁሉንም በ«እርስዎ» እያሰረች ነገረችው። እያዳመጠ ፊቱ ቀላ።

«አንቺን በሽቦ ነው የምጠራሽ?» አለ በመጨረሻ።

«በአፍዎ ጠርተውኝ ስለማያውቁ።»

የሚመልስላትን ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ እያወቀች፣ እንደማይመጣም እያወቀች ጠበቀች። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያ ምሳ፣ ያ ሳህን፣ ያ ዝምታ እንደገና መጥቶ መሃላቸው ቆመ። ሳጥኗን አንስታ ወጣች። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ አይተው መሐረብ ሲሰጧት ነው እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው፤ ይህም በተራው አናደዳት።

ቅዳሜ እናትየው ራሳቸው ደወሉ። ሁለት ጊዜ መለመን እንደማይወዱ ቀድመው ተናገሩና ለመኗት። የሚገዙት ሰውዬ ከሰዓት ይመጣሉ፤ ትናንትም ልጃቸው አምሽቶ ነው የመጣው፣ መኪናዋ እምቢ አለችኝ ብሎ። ካንዴላ እምቢ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ሟቹ ትዝ አሏት። ከአባቷ ጋር ኮፈኑ ላይ ተደፍተው እንደ ልጅ የሚስቁት ሳቅ ትዝ አላት። «እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» አለች።

ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነበር። ሳጥኗን እንኳ አልከፈተችም። በተሳፋሪው በኩል በሩን ከፍታ ገባች።

«ይንዱ» አለችው። «ሁልጊዜ እንደሚነዱት አድርገው ይንዱ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። በቁልፉ ሲጫወት ቆየና ገባ። መኪናዋ ተነሳች፣ እንደ ልማዷ።

መኪናዋ ጠባብ ናት። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበቷን እንዳይነካ እጁን ይሰበስባል፤ እሷም ጉልበቷን ትሰበስባለች፤ በዚህ ዓይነት እርስ በርስ እየተሸሹ ግማሽ ከተማ አቋረጡ። ሙቀቱ ከፊት መስታወቱ ይገርፋል። ሞተሩን ስታዳምጥ ምንም ችግር የለበትም። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ዘገየ፤ ከኋላ ክላክስ ተጮኸበት። ከዚያ እንደ መተንፈስ አለና ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ወደ እሷ ሰፈር በሚወስደው ዳገት። ወደ ቤቷ አድርሶ ሊጥላት መስሏት ጥርሷን ነከሰች።

ዳገቱ ግማሽ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ጥግ ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«ለምን አጠፉት?»

«እንደ ሁልጊዜው ንዳ አላልሽኝም?»

ጥቂት ቆይቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ እሳት ግን አልያዘም። ደገመው። አልነሳ አለች። ካንዴላ መጀመሪያ የተሰማት ንጹህ ደስታ ነበር፤ በመጨረሻ ሕመሙ በዓይኗ ታየ። ዘላ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና ጣቷን ቦቢናው ላይ ስታሳርፍ አቃጠላትና መልሳ ነጠቀችው። ቦቢና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያቀብል፣ ከቡጢ የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ ጠዋት በቀዝቃዛው ደህና ይሠራል፤ ረጅም መንገድ ተነድቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሙቀቱ ሲታፈንበት ግን ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። የመካኒክነት ሀሁ ነው። ስትሞቅ ነው እምቢ የምትለው ቢሏት ኖሮ ማክሰኞ ዕለት ቀይራው ትጨርስ ነበር።

ቀና ስትል ከዳገቱ አናት ላይ የጋራዡ አረንጓዴ በር ታያት። የአባቷ ወንበር ታያት። የምትሠራበት ቦታ፣ ቱታዋን የምታሰጣበት ገመድ፣ ሁሉም ከዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«በየቀኑ እዚህ ነው የምትቆመው?» አለች ቀስ ብላ።

«በየቀኑ።»

«ግቢ ውስጥ አላልከኝም?»

«አንተ» እንዳለችው አላስተዋለችም። እሱ አስተዋለ።

«ከሥራ ስወጣ ወደዚህ እመጣለሁ» አለ። «እዚህ አቆምና ሞተሩን አጠፋለሁ። ገብቼ ላናግራት ነው እላለሁ። አንቺ ትወጫለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ ሰው ላይ ትጮሂያለሽ። እኔ አልወርድም። ልሂድ ስል መኪናዋ አትነሳም። ሲመሽ ትነሳለች።»

«አንተ ሐኪም አይደለህም? ራሱን የሚያመው በሽተኛ መጥቶ እግሬን ነው ቢልህ ምን ታደርገዋለህ?»

«እቆጣዋለሁ።»

«እኔስ አንተን ምን ላድርግህ?» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ ደህናውን ዕቃ ስፈታ። እናትህ ፊት ስዋረድ። አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኩህ፤ የት ነው የምትቆመው አልኩህ።»

በዚህ መሃል የዳቦ ማመላለሻ መኪና ከኋላቸው መጥቶ ክላክሱን ነፋ። ቦታው የእሱ ማራገፊያ ነው፤ ቦታዬን ልቀቁልኝ ይላል። ካንዴላ እየተነጫነጨች በመስኮቱ እጇን አስገብታ መሪውን ያዘች፣ ዶክተሩ ከኋላ ገፋ። ሽቅብ ስለሆነ መኪናዋ አትንቀሳቀስም፤ ሾፌሩ ወርዶ አገዛቸው። እየገፉ መጨቃጨቃቸውን አላቆሙም።

«ያን ቀንስ?» አለች ወደ ፊት እያየች። «ምሳው ላይስ? ያኔ ምን ነበር የያዘህ?»

«እናቴን የማይሰብር ቃል እየፈለግኩ ነበር» አለ ከኋላ፣ እያለከለከ። «ሳገኘው አንቺ በሩ ላይ ደርሰሻል።»

«ታዲያ በሩ ላይ አትናገረውም?»

«ስልክሽን ብታነሺ ልነግርሽ ነበር።»

ሾፌሩ መግፋቱን አቁሞ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። መኪናዋ ጥግ ስትይዝ «በሉ ተስማሙ» ብሏቸው ወደ ዳቦው ተመለሰ። ካንዴላ መሪውን ለቀቀች። ያለው ልክ ነው። በየቀኑ ይደውል ነበር፤ በየቀኑ ስልኩን ትገለብጠው ነበር።

«ፈራሁ» አለች። «ብሰማህ ‹እናቴ ልክ ናት› የምትለኝ መሰለኝ። ያን ከምሰማ ምንም ባልሰማ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሱም ንጹሕ ሱሪውን ሳያስብ አጠገቧ ተቀመጠ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ወጡ፤ የሁለቱን ፊት አይተው ፀሐይ የመታቸው መስሏቸው።

«ደንበኛችን ነው» አሉ ለካንዴላ፣ በአገጫቸው እያሳዩት። «በየቀኑ አንድ ዳቦ ይገዛና መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ሲበላው ግን አይቼ አላውቅም።»

ካንዴላ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ወደ እንባ ዞረባት። ውሃውን ተቀብላ አመሰገነች፤ አልጠጣችውም። ጨርቅ አርሳ ቦቢናው ላይ ጠመጠመች፣ እየደጋገመች አፈሰሰችበት፤ ሴትዮዋ በመገረም አዩዋት። ከዚያ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ተነሳች። ለአራት ቀን ስትጠላው የከረመችው ያ ድምፅ አሁን ሆዷን አባባት።

ጋራዡ በር ላይ አባቷ ከወንበሩ ሳይነሳ ጠበቃቸው። ዶክተሩ ከመኪናው ሲወርድ ከላይ እስከ ታች አየውና «በመጨረሻ ገባህ» አለው።

ካንዴላ ክው አለች። አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ቀይዋ መኪና ዳገቱ ላይ ስትቆም ሲያይ ከርሟል። ለምን እንዳልነገራት ስትጮህበት፣ «ጠይቂው ብዬሽ ነበር እኮ» አላት፤ «እግዜር ያሳይሽ፣ እኔ ሄጄ እጁን ይዤ ላመጣልሽ ኖሯል?» ከመደርደሪያው ለዚያች መኪና የሚሆን ቦቢና ፈልጋ አውጥታ፣ በንዴት ስትፈታ በንዴት ስትገጥም፣ ከጀርባዋ ሁለቱ ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ሰማች። ዶክተሩ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር። አባቷ እስከ መጨረሻው አላስጨረሰውም።

«እኔ አልተቀየምኩህም» አለው። «ይህን ዝም ያልክበት ቤት ሄደህ ተናገረው።»

እጇ ላይ ያለው ካቻቢቴ ለአፍታ ቆመ። አባቷ በሕይወቱ ብዙ ነገር አስተምሯታል፤ እንደዚያ ቀን ግን ወዳው አታውቅም።

ግቢው ደጃፍ ሲደርሱ የሚገዙት ሰውዬ ቀድመው መጥተው ነበር፤ ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ጓንት እንኳ ይዘው የመጡ። እናትየው አጠገባቸው ቆመው በጨዋነት ይስቃሉ። ሁለቱን ከአንድ መኪና ሲወርዱ ሲያዩ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ።

ካንዴላ መኪናዋ መሠራቷን፣ ቦቢናው መቀየሩን ለመናገር ጀመረች። ዶክተሩ እጁን አነሳ፤ ቆይ እንደ ማለት። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። አሁንም የማይናገር መስሏት ልቧ ቀጥ አለ።

«እማዬ» አለ። «መኪናዋ እምቢ ትለኝ የነበረው እዚህ አይደለም። የእሷ ጋራዥ ያለበት ዳገት ላይ ነው። በየቀኑ እዚያ እየሄድኩ እቆም ነበር፤ እሷን ለማየት። ያን ቀን ምሳ ላይ ያልሽው ልክ አልነበረም። ያኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም። አሁን እየነገርኩሽ ነው።»

አብራሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ራቅ ብለው የአበባ ማሰሮ መመርመር ጀመሩ።

እናትየው መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያወልቁት ፊታቸው ያረጀና የደከመ ሰው ፊት ሆነ።

«ሦስት ዓመት» አሉ። «ይህን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጀብህ? ያን ቀን የተናገርኩት ክፉ ነገር ነው። ስናገረው አውቄዋለሁ። አንድ ቃል ብትመልስልኝ አፌን እይዝ ነበር። አንተ ሳህንህን አየህ። ያን ያህል አይፈልጋትም ማለት ነው አልኩ። አንተ ያልተቆጨህበትን እኔ ምን ብዬ ልቆጭበት?» ከዚያ ወደ ካንዴላ ዞሩ። «አንቺስ? ጋራዥ ሙሉ ወንድ የምታዢ አይደለሽም? ለኔ የሚሆን መልስ አጣሽ?»

«መልስማ ነበረኝ እትዬ» አለች ካንዴላ። «የእሱን ነበር የምጠብቀው።»

እናትየው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ይቅርታ አላሉም፤ አቅፈውም አልሳሟት። ብቻ ራሳቸውን አንዴ ዝቅ አድርገው መለሱት፤ እሳቸውም የዚያኑ ያህል ሰው ጠብቀው እንደሚያውቁ ዓይነት። «ሰውዬውን አታስቁሟቸው» አሉና ወደ አብራሪው ሄዱ።

አብራሪው ሞተሩን አስነስተው፣ አጥፍተው፣ ደግመው አስነሱት። ኮፈኑ ሥር ሲያዩ ልጅ ሆኑ። ውሉ ተፈረመ፣ ጓንታቸውን አጠለቁ፣ ቀይዋ መኪና ከበሩ ወጣች። ካንዴላ ድምፁ ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪያልፍ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። ልማድ ሆኖባት እንድትቆም ጠበቀች። አልቆመችም። ድምፁ ሳሳ፣ ጠፋ። ከሟቹ ሳቅ አንድ ቅሪት አብሮት የሄደ መሰላት።

እናትየው ወደ ቤት ሲገቡ ከበሩ ላይ ዞረው፣ ውጭ ቆመው እንዳይቀሩ፣ ሻይ እየጣዱ መሆናቸውን ነገሯቸው። ለሁለቱም ነበር የተናገሩት። ከዚያ ከወጥ ቤቱ መስኮት የብርጭቆ ድምፅ መጣ።

ግቢው ባዶ ሆነ። ሁለቱ በመሃላቸው የሚደፉበት ኮፈን፣ የሚነቅፉት ሞተር ሳይኖር ተያዩ። ካንዴላ እጆቿ ከበዷት። የሚፈታም የሚጠብቅም ነገር አልነበረም።

«ሰኞ ነው የምሄደው» አለ። እሷ ታውቃለች። ሰኞ የሚለውን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ውጣዋለች። ተጠጋት፣ ጎንበስ አለ፤ በሹክሹክታ አንድ ነገር ተናገረ።

ሰምታዋለች። እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ግን ወደ መስኮቱ አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«አልሰማሁም» አለች።

ገባው። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ቀና ብሎ ቆመ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ» አለ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። «እዚያ ብቻዬን መኖር አልፈልግም። አሁን አብረሽኝ ነይ ብልሽ፣ ቆይተሽ ነይ ብልሽ፣ እኔ ልመለስ ብልሽ፣ የፈለግሽው ይሁን። ግን ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

ወጥ ቤት ውስጥ የብርጭቆው ድምፅ ቆመ።

ካንዴላ ዝም ልትለው ነበር ያሰበችው። ለሦስት ዓመት በየሌሊቱ ያዘጋጀችው ቅጣት ይኸው ነበር፤ አንድ ቀን ለምኗት እሷም ሳህን እንደምታይ ሰው መሬት መሬቱን አይታ፣ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ልታቀምሰው። መሬቱን ለማየት አንገቷን ደፋች። ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም። «እሺ» የሚለው ቃል ሳያስፈቅዳት ከአፏ ወጣ፤ ወጥቶም አልበቃው፣ ደገመችው። እጁ ዘይት የነካውን እጇን ሲይዘው አልሸሸችም። ያን ሁሉ ያዘጋጀችውን ቅጣት ሳትቀጣው ቀርታ እንዲህ በቀላሉ ደስ ስላላት፣ ደስታዋ ራሱ አናደዳት።